ማጓጓዣው ለተቋራጭ ሲሰጥ የልቀት መነሻ ዓመት ይከለሳል?

በግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል (ድርጅቶች የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀታቸውን በሚያሰሉበት ዓለም አቀፍ መመሪያ) መሠረት የልቀት ሪፖርት ያዘጋጃችሁ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ፤ መላ ጠፍቶኛል።

የድርጅቱ የጭነት መኪኖች በመነሻው ዓመት፣ ማለትም የኋላ ልቀት በሚነጻጸርበት ዓመት፣ 400,000 ሊትር ናፍጣ ተጠቅመዋል። አንድ ሊትር ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ ድምሩ 1,080 ቶን ገደማ ሆኖ በስኮፕ 1 (ድርጅቱ ራሱ በቀጥታ በሚያወጣው ልቀት) ተመዝግቧል። አሁን ሥራው ለውጭ ተቋራጭ ተሰጥቷል። ጭነቱም መንገዱም ያው ነው። ስኮፕ 1 ግን ስለወረደ ረቂቁ «ልቀታችንን ቀንሰናል» ይላል። ይህ አንባቢን ማሳሳት ነው፤ እንዲህ ሆኖ እንዲወጣ አልፈልግም።

ፕሮቶኮሉ ለውጭ የተሰጠው ሥራ ልቀት በስኮፕ 3 (ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ ሌሎች በሚያወጡት ልቀት) ከተዘገበ መነሻውን መከለስ አያስፈልግም ይላል፤ ካልተዘገበና መጠኑ ጉልህ ከሆነ ግን ይከለሳል። ድርጅቱ የሚከፍልበት ማጓጓዣ ከ15ቱ የስኮፕ 3 ክፍሎች በ4ኛው ይገባል። እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ተቋራጩ የሚልከው ደረሰኝ ብቻ እንጂ የነዳጅ መጠን አይደለም። በክፍያ ካሰላሁት፣ የማጓጓዣ ዋጋ በናረ ቁጥር ልቀቱም የጨመረ ይመስላል። በቶን ኪሎ ሜትር (የጭነቱ ክብደት በርቀቱ ተባዝቶ) እንዳልሰራው ክብደቱና ርቀቱ በእጄ ቢኖርም መኪኖቹ ባዶ የሚመለሱበት ጉዞ አልተመዘገበም።

በአንድ ቶን ኪሎ ሜትር የሚታሰበው የልቀት መለኪያ ቁጥር ባዶ ምልልስን ማካተቱን በምን ላረጋግጥ? የቅነሳ ግቡ ለስኮፕ 1 ብቻ ስለተቀመጠ፣ 1,080 ቶኑን ከመነሻው ላውጣው ወይስ ግቡ ራሱ ስኮፕ 3ን ይጨምር? በውል ውስጥ ተቋራጩ የሊትር መረጃ በየወሩ እንዲሰጥ ያስገደዳችሁ ካላችሁ፣ አንቀጹን እንዴት እንደጻፋችሁት ብታሳዩኝ በጣም ይጠቅመኛል።