ፕራዶዬ ጠዋት ጠዋት ትንቀጠቀጣለች፣ ቱርቦ ቀይሪ ተባልኩ! እርዱኝ

የደብሬዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። አስቸኳይ ነው። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለለቅሶ ወደ አዲስ አበባ መውጣት አለብኝ። መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ፣ ክፉኛ ትንቀጠቀጣለች፣ ነጭ ጭስ ትተፋለች። ስትሞቅ ይሻላታል። ጋራዥ ወስጃት ቱርቦው ሞቷል አሉኝ። ዋጋውን ሲነግሩኝ እኔም ተንቀጠቀጥኩ። እውነት ቱርቦ ነው?

ማኒኮቶ፦
ቤንዚን ናት ናፍጣ? ስንት ሞዴል?

አቤ ሾፌር፦
ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ቀይሪ። አለቀ።

የደብሬዋ፦
ናፍጣ ናት እኮ። ዲ ፎር ዲ የሚባለው ሞተር፣ 3 ሊትር፣ 2005።

ፍሬቻ፦
2005 በኛ ነው በፈረንጅ? በኛ ከሆነ ገና ልጅ ናት 😂

አቤ ሾፌር፦
ናፍጣ ከሆነች ናፍጣውን የሚረጨው ኖዝል ይታጠብ።

ጋሽ ናፍጣ፦
ልጆች፣ ቱርቦ ምን እንደሆነ ሳታውቁ አትፍረዱ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ አንዱን ፋን ያሽከረክራል፣ እሱ ደግሞ ሌላውን አዙሮ ንጹሕ አየር ወደ ሞተር ያስገባል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ እዚያ ያለ መኪና ቱርቦውን አብዝቶ ይፈልገዋል። በእኛ ጊዜ ሞተር አምስት ደቂቃ ሳናሞቅ አንነዳም ነበር። የዛሬ ልጅ ቁልፍ አዙሮ ይበራል።

ማኒኮቶ፦
ጋሼ፣ ልክ ነው፣ ግን ሚኒሞ ላይ ቱርቦ ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። ቱርቦ ቢሞት፣ ወይ ማኒኮቶው (የአየር ጎማው) ቢቀደድ፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ፉጨት ይሰማል። እህቴ፣ ያንቺ ምልክት የኖዝል ነው። የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ያለው ሰው ፈልጊ፣ ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ የአራቱንም ኖዝል ማስተካከያ ቁጥር (ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ናፍጣ የሚጨምርበትን ወይም የሚቀንስበትን ልክ) ያንብብልሽ። ከዜሮ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ3 ያለፈ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው።

አቤ ሾፌር፦
እኔም ያልኩት ኖዝል ነው!

ፍሬቻ፦
መጀመሪያ ካንዴላ ነበር ያልከው አቤ 😂

የደብሬዋ፦
ዛሬ ስካነር ያለው ሰው አላገኘሁም። ቀስ ብዬ ብሄድ ችግር አለው? ደግሞ የዘይት መብራቱ አንዳንዴ ብልጭ ይላል፣ ዘይቱ ግን ሙሉ ነው።

ማኒኮቶ፦
እንዴ! ይሄን አሁን ነው የምትነግሪን? አታስነሻት። በዚህ ሞተር ከኖዝሎቹ ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ (ማሸጊያ ቀለበት) ሲያረጅ የቃጠሎው ጋዝ ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ሬንጅ ይሆናል፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍነዋል። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ሞተሩ ግን አይጠጣም። ያኔ ቱርቦውም፣ ሞተሩም አብረው ይሄዳሉ። የዘይት መሙያውን ክዳን ንቀይና ሥሩን እዪው።

ጋሽ ናፍጣ፦
ቱርቦም ይሄዳል አልኩ እኮ።

የደብሬዋ፦
ነቀልኩት። ጥቁር ነው፣ ጣቴ ላይ እንደ ማስቲካ ተጣበቀ። ወይኔ።

ማኒኮቶ፦
ለለቅሶው ሚኒባስ ያዢ። መኪናዋ ትቁም። ስትመለሺ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይጸዳ፣ ሮንዴላዎቹ ሁሉም አዲስ ይግቡ፣ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር። ቱርቦውን ከዚያ በኋላ እናየዋለን።

ፍሬቻ፦
ነፍስ ይማር እህቴ። ስቄብሽ ከሆነ ይቅርታ።

ሎቤድ ያለው፦
እህት፣ ምን ደረሰ? የኔም ዛሬ ጠዋት ጀመራት።