የከተማ ፕላን ካሪኩለም እየከለስን ነው፣ የአየር ንብረቱንና ኤአዩን (ሰው ሰራሽ አስተውሎቱን) የት እናስገባው?

መምህርት_ከአዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ የከተማ ፕላን አስተምራለሁ፣ ዘንድሮ ዲፓርትመንታችን ካሪኩለም እየከለሰ ነው እና ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር እዚያው ላይ ነው የምንቆመው። ግማሹ ሰው "ክላይሜት ቼንጅ" የሚል ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ አምስተኛ ዓመት ላይ ይጨመር ይላል፣ ግማሹ ደሞ "ስማርት ሲቲና ኤአይ" ይግባ ይላል። እኔ ሁለቱም አልተዋጠልኝም። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ ዞን ቀለም ሲቀባ ከርሞ መጨረሻ ላይ ስለ ሙቀት መጨመር ስላይድ ቢያይ ምን ይለወጣል? በቅርቡ ስቱዲዮ (ፕላን የሚሰሩበት የተግባር ኮርስ) ላይ አንድ ቡድን በጣም የሚያምር ፕላን አቀረበ፣ ሬንደሩ (የኮምፒውተር ምስሉ) እንከን አይወጣለትም፣ ግን ለአፓርትማ የመረጡት ቦታ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ማለፊያ ነው። አዳማን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ዙሪያዋ ኮረብታ ነው ከተማዋ መሃል ላይ ዝቅ ብላ ነው ያለችው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደለሉን ይዞ የሚመጣው ውሃ የሚወርደው ወደኛ ነው። ልጆቹ ኮንቱሩን (የከፍታ መስመሩን) ካርታው ላይ አስገብተውታል፣ ግን አላነበቡትም።
ስራ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ አዲስ ተመራቂ ሲመጣላችሁ ምን ቢችል ነው የምትፈልጉት? ምንስ ይውጣ? ክሬዲቱ ሞልቷል፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም።

የቦይ_ሰው፦
እህቴ ይሄ ጥያቄ ከዓመታት በፊት መነሳት የነበረበት ነው። እኔ ሲቪል ነኝ፣ ስራዬ ቦይና ካልቨርት (ውሃ በመንገድ ስር የሚያልፍበትን) ዲዛይን ማድረግ ነው፣ ፕላነሮቹ ሁሉን ጨርሰው ነው የሚሰጡን እና ውሃውን የት እንውሰደው ብለን የምንጨነቀው ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ነው። የኔ ሀሳብ ሁለተኛ ዓመት ላይ ራሽናል ሜተድን (ከዝናብ ምን ያህል ጎርፍ እንደሚመጣ የሚሰላበትን ቀላል ዘዴ) በእጃቸው ይስሩት፣ ሶፍትዌር ሳይነኩ። 50 ሄክታር የግጦሽ መሬት አለ እንበል፣ ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር፣ የፍሰት ኮኢፊሸንቱ (ከዝናቡ ሳይሰርግ የሚፈሰው ድርሻ) 0.3። ሦስቱን አባዝተሽ ለ360 ስታካፍይው በሰከንድ 2.5 ሜትር ኩብ ውሃ ይወጣል። አሁን እዛው መሬት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አስፋልትና ሲሚንቶ የለበሰ ግቢ ሙሊበትና ኮኢፊሸንቱን 0.8 አድርጊው፣ 6.7 ገደማ ይሆናል። ዝናቡ ያው ነው! የተለወጠው ፕላነሩ ያሰመረው መስመር ነው። ዘዴው ለትንንሽ ተፋሰስ ብቻ ነው የሚሆነው ግን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አላውቅም።
ከዛ የአየር ንብረቱን እዛው ላይ አስገቢው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ወደ 7 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ የውሃ እንፋሎት መያዝ ይችላል፣ ለዚህ ነው ከባድ ዝናብ ይበልጥ የሚከብደው። እኛ የምንጠቀምበት የዝናብ ከርቭ (ምን ያህል ከባድ ዝናብ በስንት ዓመት እንደሚጠበቅ የሚያሳየው ግራፍ) ደሞ ካለፈው ሪከርድ የተሰራ ነው፣ ስለዚህ 60ውን 70 አድርገው ደግመው ያስሉት።
ሌላው፣ "የ10 ዓመት ጎርፍ" ሲባል በ10 ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ተመራቂ ብዙ ነው። በየዓመቱ 10 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው እንጂ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 65 በመቶ ገደማ ነው። ስትራክቸር ፕላኑ (የመላው ከተማ ፕላን) የሚያገለግለው ስንት ዓመት ነው? 10። ይሄን ያልገባው ሰው ፕላን ላይ መፈረም የለበትም ባይ ነኝ።

ካርታ_ወዳድ፦
የቦይ ሰው ጥሩ ብሏል። እኔ ማዘጋጃ ውስጥ ጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታና የቦታ መረጃ) ላይ ነው የምሰራው፣ ስለ ቴክኖሎጂው ልበል። ኤአይ ለብቻው ኮርስ አይሁን፣ ዛሬ የምታስተምሩት ሶፍትዌር ልጁ ሲመረቅ ተቀይሯል። የሚቀረው ዳታው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ማወቁ ነው። ሴንቲኔል-2 የሚባለው የሳተላይት ምስል በነጻ ይገኛል፣ ፒክሰሉ 10 ሜትር ነው፣ ከተማዋ በየዓመቱ ወደየት እንደሰፋች ለማየት ይበቃል፣ የቦታ ወሰን ግን አይለይም። ኤስአርቲኤም የሚባለው የከፍታ ዳታ 30 ሜትር ነው፣ ኮረብታው ወደየት እንደሚያፈስ ያሳያል፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ቦይ ግን እዛ ውስጥ የለም። ሆኖም እሱን ብቻ ይዘው ቆንጆ የጎርፍ ካርታ ሰርተው "ይሄ ቤት ይጥለቀለቃል ያኛው አይጥለቀለቅም" የሚሉ ልጆች አይቻለሁ፣ በዚህ ካርታ ሰው ከቤቱ ሊነሳ ይችላል እኮ።
ጉግል በነጻ ያወጣው ኤአይ የለየው የቤቶች ዳታ አለ፣ እጅግ ጠቃሚ ነው፣ በተለይ ከተማ ዳር በአንድ ክረምት ስንት ቤት እንደበቀለ መከታተል ለማይችል ማዘጋጃ። ግን አንድ ግቢ ውስጥ የተያያዙ ክፍሎችን አንድ ቤት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል፣ ደሞም የሚያየው ጣሪያ ነው፣ ከስሩ ስንት አባወራ እንዳለ፣ ካርታ ይኑራቸው አይኑራቸው፣ ተከራይ ይሁኑ ባለቤት አያውቅም። ስለዚህ የኔ አሳይመንት እንዲህ ቢሆን ነው የምለው፣ አንድ ቀበሌ ስጧቸው፣ ኮምፒውተሩ የቆጠረውን ይዘው በእግራቸው ይሂዱና ስህተቱን ቆጥረው ይምጡ፣ ማርኩ በስህተቱ ሪፖርት ይሁን።
ደሞ እባካችሁ በክራክ ሶፍትዌር አታስተምሩ፣ ቢሮ ሲመጡ ላይሰንስ የለንም እና እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለጎርፍ ስሌት ሄክ-ራስ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

የሀዋሳዋ፦
ከሀዋሳ ነኝ። ከላይ ባለው እስማማለሁ ግን አንድ ቅር ያለኝ ነገር አለ፣ የቦይ ሰው ወሬው ሁሉ ውሃውን ለማስወጣት ነው የሚመስለው። ወደየት? የኛ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፣ ከላይ በጥቁር ውሃ በኩል የመጣ አፈር፣ ከከተማው ቦይ የወረደ ፕላስቲክና ዘይት ሁሉ እዛው ነው የሚቀረው። ድሮ ደለሉን ይይዝልን የነበረው የጨለለቃ ረግረግ ነው፣ እሱም ደለል እየሞላው ነው። የላይኛውን መሬት ሳታዪ የሀዋሳን ፕላን መስራት አይቻልም፣ የላይኛው መሬት ደሞ ከከተማው ወሰን ውጪ ነው። ስለዚህ ስቱዲዮ ላይ የሳይታቸው ወሰን ተፋሰሱ ይሁን፣ የክፍለ ከተማ መስመር አይሁን። ከአፈር፣ ከደንና ከሃይድሮሎጂ ተማሪዎች ጋር ይቀላቀሉ። ውሃ የሚሰርግበት ክፍት ቦታ፣ ዛፍ፣ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ እነዚህ ከቦዩ በፊት ይምጡ።

የቦይ_ሰው፦
የሀዋሳዋ ልክ ነሽ፣ ማስወጣት ብቻ ካልን ከታች ያለው ሰፈር ላይ ነው የምንደፋው። ግን አዳማ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ አፈራችን ልል ነው፣ ያለቦታው ውሃ ካስቆምሽበት ወይ ከለቀቅሽበት ቦረቦር ይሆናል። መጀመሪያ አፈሩ ይመርመር።

ጡረታ_የወጣ_ፕላነር፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም የምትሉት ደስ ይላል። ነገር ግን ተመራቂው ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያው ፈተና ሞዴል መስራት አይደለም፣ ለአረንጓዴ የተከለለ ቦታ ላይ ግንባታ ይፈቀድ የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ነው። ያኔ ምን ይላል? የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000ን አንብቦ የማያውቅ፣ ስትራክቸር ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን በሕግ ምን ክብደት እንዳላቸው የማያውቅ ልጅ ዝም ብሎ ይፈርማል። ሕጉን አስተምሯቸው፣ ለካቢኔ የሚገባ አንድ ገጽ ጽሑፍ መጻፍ አስተምሯቸው፣ ያ የ2.5ና የ6.7 ስሌት እዛ ገጽ ላይ ይግባ፣ የበጀት ሰው የሚሰማው ቁጥር ነውና። ጎርፉ መንገዱን ሲያፈርስ የጥገናው ወጪም አብሮ ይጻፍ።
ሰፈር ሲሄዱ ደግሞ እናቶችን ይጠይቁ። ውሃው የት ድረስ እንደገባ ግድግዳው ላይ በእጃቸው ነው የሚያሳዩት፣ የጎርፍ ሪከርድ በሌለበት ከተማ ይሄ ዳታ ነው፣ በሜትር ይለካ፣ ቀኑ ይጻፍ፣ ካርታ ላይ ይግባ።
ምን ይውጣ ላልሽው ልጄ፣ ተደጋጋሚ የሆኑት የድራፍቲንግና የፕሬዘንቴሽን ኮርሶች ይቀነሱ። አንዱ ይበቃል።

መምህርት_ከአዳማ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይዤ የምገባው ይሄንን ነው፦ የውሃ ስሌቱ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ስቱዲዮው በተፋሰስ፣ ጂአይኤሱና ኤአዩ ስቱዲዮው ውስጥ ከነመስክ ማረጋገጫው፣ ሕግና የካቢኔ ጽሑፍ አራተኛ ላይ። ሁለተኛው ሬንደሪንግ ኮርስ ይወጣል፣ ጭቅጭቅ እንደሚኖር አውቃለሁ። የቀረኝ ጭንቀት አስተማሪው ነው፣ እኛም ራሳችን ሃይድሮሎጂ ሳንማር ነው የወጣነው። የቦይ ሰው፣ አዳማ ካለህ መጥተህ የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜዎች ትይዝልኛለህ?

የቦይ_ሰው፦
አለሁ፣ ቅዳሜ ከሆነ እመጣለሁ። ክፍል ውስጥ ግን አይሁን፣ ኮንቱር ያለው ካርታ በትልቁ ፕሪንት አድርጊና ከኮረብታው ጀምረን ውሃው የሚሄድበትን ተከትለን እንውረድ፣ ካልቨርቱ ጋ ስንደርስ ስፋቱን ለክተው ይበቃል አይበቃም እዛው ያስላሉ። ካርታ ወዳድ አንተም ና፣ ያንን የቤት ዳታ ጭነህ።

ካርታ_ወዳድ፦
እመጣለሁ። የትኛው ቀበሌ እንደሆነ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ቀድሜ አውርጄ አዘጋጃለሁ።