ከኋላ የገጨኝ ሰውዬ «ካሽ ልስጥሽና ፈርሚልኝ» ይላል፤ ምን ላድርግ?

ቀስ ብላ ነጂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቀደም ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ከኋላ ተገጨሁ። ፍጥነት አልነበረውም። ሰውዬው ስልኩን ሲያይ ፍሬኑ ለቀቅ ብሎበት ነው መሰለኝ። ማንም አልተጎዳም። ወርዶ ይቅርታ ጠየቀ፣ መንጃ ፈቃዱንና የኢንሹራንስ ወረቀቱን አሳየኝ፣ ሁሉንም ፎቶ አንስቻለሁ።

ጉዳቱ ሲታይ ቀላል ነው። የኋላው ፓራውልት በግራ በኩል ተፋፍቋል፣ የግራው ስቶፕ መብራት ተሰንጥቋል። ግን ከዚያ ወዲህ የኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን በኃይል ካላላተምኩት አይዘጋም። በፊት በአንድ እጅ ገፋ ሳደርገው ይዘጋ ነበር።

አሁን ሰውዬው «ኢንሹራንስ ጋ ምን አመላለሰን፣ የፓራውልቱንና የመብራቱን ካሽ ልስጥሽ» ብሎ ወረቀት ላከልኝ። «ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም» የሚል ነው። እኔ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። ባለቤቴ «ተቀበዪና ተገላገዪ» ይላል። እኔ ግን ያ ክዳን አላስተኛኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መሪ ጨባጩ፦
ባለቤትሽ ልክ ነው። ለተፋፋቀ ፓራውልት ብለሽ ፎርም ስትሞዪ፣ ፕሮፎርማ ስትሰበስቢ ትከርሚያለሽ። ካሽ የሚሰጥ ሰው ከተገኘ ዕድለኛ ነሽ። ስንቱ ገጭቶ ይሰወራል።

የካሳ ክፍል ጡረተኛ፦
እህቴ፣ ያን ወረቀት እንዳትፈርሚ። ካሽ መቀበል በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፉው «ምንም ዓይነት ጥያቄ» የምትለዋ ናት። ነገ ፓራውልቱ ሲፈታ ሌላ ጉዳት ቢገኝ፣ አንገትሽን ቢያምሽም (ከኋላ የተገጨ ሰው ሕመሙ ከቀናት በኋላ ሊሰማው ይችላል) ወረቀቷ ትመጣብሻለች።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኸውና። ኢንሹራንስሽ መኪናሽን ካሠራልሽ በኋላ በአንቺ ቦታ ተተክቶ ወጪውን ከገጪው ወይም ከገጪው ኢንሹራንስ ይጠይቃል። አንቺ ቀድመሽ «አልጠይቅም» ብለሽ ከፈረምሽ ያንን መብቱን ዘጋሽበት ማለት ነው። ከዚያ «እኛም አንከፍልም» ቢልሽ የሚከራከርበት ነገር አገኘ። እኔ በሠራሁበት ዘመን ፋይሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲወጣ ሰው ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ ብሎ «ሰውየው ጨዋ መስሎኝ ነው እኮ» ይለኝ ነበር። ጨዋ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን ጨዋነት አያውቅም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለኢንሹራንስሽ ደውለሽ አሳውቂ። ማሳወቅና ካሳ መጠየቅ ይለያያሉ። አሳውቀሽ፣ ኋላ ላይ ካሳውን ልትተዪው ትችያለሽ። ሳታሳውቂ ከቆየሽ ግን ውሉ ላይ ያለውን የማሳወቂያ ጊዜ አሳልፈሽ ጭቅጭቅ ውስጥ ትገቢያለሽ። ሰውየውም ለራሱ ኢንሹራንስ እንዲያሳውቅ ንገሪው።

ፎርሙ ላይ ያየሽውን ብቻ ጻፊ። «ቆሜ ነበር፣ መብራቱ ቀይ ነበር፣ ከኋላ ተመታሁ» በቂ ነው። «ስልኩን ሲያይ ነው መሰለኝ» የሚለውን እዚህ ንገሪን እንጂ እዚያ አትጻፊው። ካላየሽው አንዷ «መሰለኝ» ሌላውንም ቃልሽን ታስጠረጥራለች።

ባትላሜራው፦
እኔ ስለ ክዳኑ ልናገር፣ ሥራዬ ነው።

የዛሬ ፓራውልት ፕላስቲክ ነው። ሲመታ ይገባና ተመልሶ ይወጣል፤ ከውጭ ጭረት ብቻ ይታይሻል። ከጀርባው ግን የብረት ማገር አለ፣ ከማገሩ በኋላ ደግሞ የመኪናው ላሜራ። እነሱ ከገቡ አይመለሱም። ክዳን ካልዘጋ ብዙ ጊዜ ቁልፉ የሚነክስበት ላሜራ ወደ ውስጥ ተገፍቷል ማለት ነው።

ራስሽ እዪው። ከመኪናው ጀርባ ቁሚና በክዳኑና በጎን ላሜራው መካከል ያለውን ክፍተት ግራና ቀኝ አስተያዪ። ግራው ከጠበበ ነገር አለ። ከዚያ ምንጣፉን አንስተሽ፣ ስኮርታውን አውጥተሽ ወለሉን ተመልከቺ። ላሜራው ተሸብሽቦ፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ወይም በመገጣጠሚያው ላይ ያለው ማሸጊያ ተላቆ ካገኘሽ ጉዳዩ የፓራውልት ብቻ አይደለም። በተላቀቀው ማሸጊያ በኩል ዝናብ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይዝጋል። ወደ ታች ጎንበስ ብለሽ ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) እዪ፤ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል።

ሰውየው ሊከፍልሽ ያሰበው ከውጭ ላየው ነው።

መሪ ጨባጩ፦
እሺ፣ ክዳኑን አላስተዋልኩትም ነበር። ግን ኤክሰሱስ፣ ማለትም ከጥገናው ላይ ራሷ የምትሸፍነው ድርሻ? ጥገናው ከኤክሰሱ ብዙም ካልበለጠ፣ ካሳ ባለመጠየቋ የምታገኘውን የዓመት ቅናሽ አጥታ ምን አተረፈች?

የካሳ ክፍል ጡረተኛ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው። ራሷ ግንብ ገጭታ ቢሆን እኔም «ተዪው፣ በኪስሽ አሠሪ» እላት ነበር። እዚህ ግን ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው። ኤክሰሱን ከገጪው ወገን መጠየቅ ትችላለች። ቅናሹም ኢንሹራንሷ ወጪውን ካስመለሰ በብዙ ውሎች አይነካም። የእሷ ምን እንደሚል ግን ፖሊሲው ላይ ታንብብ፤ ከውል ውል ይለያያል። ጨርሶ የራሷን ኢንሹራንስ ሳትነካ ቀጥታ የገጪውን ኢንሹራንስ መጠየቅም አለ። ይዘገይ ይሆናል እንጂ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ከሁለቱም ወገን ለአንዱ ጉዳት መቀበል አይቻልም። መድን ወደነበርሽበት ይመልስሻል እንጂ አያተርፍሽም።

ቀስ ብላ ነጂ፦
ስኮርታውን አወጣሁት። በግራ በኩል ወለሉ ተሸብሽቧል፣ ቀለሙም ተላጧል። ባለቤቴ ራሱ አይቶ ዝም አለ 😄 ለኢንሹራንሱ ደውዬ አሳውቄያለሁ፤ ገምጋሚ እንልካለን ብለዋል። ጋራዡ ግን «አምጪው፣ ፈታ አድርገን እንይልሽ» ይላል። ልውሰደው?

ባትላሜራው፦
ገምጋሚው ሳያየው አንድ ብሎን እንዳይፈታ። ከፈታንው በኋላ «ይሄ ከአደጋው በፊት የነበረ ነው» ቢሉሽ ማስረጃ የለሽም። ካየው በኋላ ይፈታ። ሲፈታ አዲስ ጉዳት ከተገኘ ጋራዡ ሥራውን ያቁምና ገምጋሚው ተመልሶ ይይ፤ ተጨማሪ ግምት ይጻፋል። የተለወጡትን አሮጌ ዕቃዎችም ኢንሹራንሱ «ጨርሰናል» እስኪል እንዳይጥሉብሽ።

የካሳ ክፍል ጡረተኛ፦
የወለሉን ፎቶ በቀን ብርሃን ድገሚው። አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ደግሞ ራቅ ብለሽ፣ ታርጋውና የተከፈተው ክዳን አብረው እንዲታዩ አድርገሽ አንሺ። ለሰውየው «ገምጋሚው ካየ በኋላ እንነጋገራለን» ብለሽ በጽሑፍ መልሺለት፣ በስልክ ብቻ አይሁን።