የእድራችን የአደጋ ጊዜ ዕቃ የት ይቀመጥ? ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የክፍያ ቀን የተነሣውን ጉዳይ ተወያይተንበት ለጠቅላላ ጉባኤ አንድ የጋራ ሐሳብ እንድናቀርብ ኮሚቴው ወስኗል። በ2017 ከፈንታሌና ከዶፈን አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማን፣ በተለይ ታኅሣሥ 26 ሌሊት በሬክተር ስኬል 5.7 የተመዘገበው ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ልጅ አቅፈን፣ ነጠላ ደርበን ሜዳው ላይ ወርደናል። ባትሪው፣ ብርድ ልብሱ፣ ውሃው ሁሉ ፎቅ ላይ ቀረ። ከተነቃነቀ ሕንፃ ውስጥ ዕቃ ላውጣ ብሎ መመለስ ደግሞ ነፍስን ማስያዝ ነው። ስለዚህ ከየቤታችን ውጭ በጋራ ምን እናስቀምጥ፣ የት፣ በማን እጅ? ሐሳባችሁን ስጡን።

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦
መጀመሪያ ያለንን ልንገራችሁ። ሁለት ድንኳን ከነምሰሶው፣ ወንበርና አግዳሚ፣ ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ ሰሃን፣ ብርጭቆ፣ ጀበና፣ ባልዲ፣ ጄሪካን። ለለቅሶ ብለን የሰበሰብነው ለአደጋም ይሆናል፤ ከዜሮ አንጀምርም። ችግሩ ዕቃ ቤታችን ብሎክ 7 ደረጃ ሥር መሆኑ ነው። ሕንፃው ከተጎዳ ዕቃውም አብሮ ተቆለፈበት። ቁልፉም አንድ ነው፣ ያለውም እኔ ጋ። እኔ ለሐዘን አገር ቤት የሄድኩ ቀን አደጋ ቢመጣ ማን ይከፍታል? ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

የብሎክ 4 ተወካይ፦
ወንዙ ዳር ያለው ባዶ ቦታ ላይ ኮንቴነር ብናስቀምጥስ? ሰፊ ነው፣ መኪናም ይገባል።

የብሎክ 9 ነዋሪ፦
እባካችሁ ወንዝ ዳር አይሁን። እኔ ድሬዳዋ ነው ያደግኩት። በ1998 ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ የመጣው ሌሊት ነው፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል፣ ስንቱ ቤት ከነዕቃው ተጠርጎ ሄዷል። ደቻቱን አብዛኛውን ጊዜ ብታዩት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ዝናቡ ከላይ ከደጋው ይጥልና ውሃው ከተማው ላይ ይደርሳል። የእኛም ወንዝ በበጋ ሲያዩት አያስፈራም። ለመሬት መንቀጥቀጥ ያዘጋጀነውን ዕቃ ጎርፍ እንዲወስደው አናስቀምጥ።

የብሎክ 4 ተወካይ፦
ተቀብያለሁ። ሐሳቤን አንሥቻለሁ።

መሐንዲሱ አባል፦
ኮሚናሉን፣ የጋራ መገልገያ ቤታችንን እዩት። ፎቅ የለውም፣ ከብሎኮቹ ራቅ ብሏል፣ ፊት ለፊቱም የምንሰበሰብበት ሜዳ ነው። የጀርባዋ ክፍል ትበቃናለች። ሄጄ አይቻታለሁ፣ በላይዋ የሚያልፍ የመብራት መስመር የለም። ግን ሁለት ነገር ይሠራ። መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር። ካልታሰረ ሲነቃነቅ በሩ ላይ ይወድቅና ክፍሉን ከውስጥ ይዘጋዋል፤ እኛ ቁልፍ ይዘን ውጭ እንቆማለን። በሩም ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ኋላው ዕቃ ከወደቀበት አይገፋም።

ገንዘብ ያዥ፦
ቦታው ጥሩ ነው። እኔ ግን ደንቡን ላስታውስ። መተዳደሪያ ደንባችን ገንዘቡ ለቀብርና ለሐዘንተኛ ነው ይላል። ለሌላ ጉዳይ አንዲት ብር ብናወጣ ኦዲተሩ ይጠይቀናል፣ ሊጠይቀንም ይገባል። ወይ ደንቡ ይሻሻል፣ ወይ ለብቻው መዋጮ ይከፈት። እኔ መዋጮውን እመርጣለሁ። የሟች ቤተሰብ የሚጠብቀው ገንዘብ አይነካ።

ነርሷ አባል፦
ስለ ውሃ ልበል። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር እንያዝ። አምስት ነፍስ ያለው ቤት በቀን 15 ሊትር ይጠጣል፤ አንድ 20 ሊትር ጄሪካን እስከ ማግስቱ ከሰዓት እንኳ አያደርስም። ስለዚህ በጄሪካን ብቻ አንዘልቀውም። ኮሚናሉ አጠገብ፣ የተደለደለ መሬት ላይ፣ ማማ ሳይሠራለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይቀመጥ። ለ300 ሰው በ3 ሊትር ሒሳብ አምስት ቀን ከግማሽ ይሆናል። ውሃው መስከረምና መጋቢት ላይ ይለወጥ፣ ውሃ ማከሚያው ውሃ አጋርም ከጎኑ አይጥፋ፤ ልኩ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ነው። ጋዝ ወይም ኬሚካል የነበረበት ጄሪካን ግን ታጥቧል ብላችሁ እንዳታመጡ።

መድኃኒት በጋራ አናስቀምጥም። ቆርቆሮው ሥር በበጋ የሚፈጠረው ሙቀት ያበላሸዋል። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞቻችን የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው በታሸገ ፖስታ ይስጡን። መድኃኒቱ ቤት ቢቀር ሐኪሙ ከወረቀቱ አይቶ ያዛል። እዚያው ፖስታ ውስጥ የፋይዳ ቁጥር፣ የቤት ካርታ ኮፒ፣ የልጆች የክትባት ካርድ ኮፒ ይግባ። ላዩ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥር ብቻ ይጻፍ፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይክፈተው።

እናት አባል (ብሎክ 2)፦
ልጆቼ፣ ስለ ምግቡ እኔ ልናገር። በሶ፣ ቆሎና ቴምር ይሁን። ጾመኛውም ሙስሊሙም እኩል ይበላዋል፣ እሳት አይፈልግም፣ ለሕፃንም በሶው በስኳር ይበጠበጣል። በማዳበሪያ አድርጋችሁ መሬት ላይ እንዳታስቀምጡት፣ አይጥ በአንድ ሌሊት ትጨርሰዋለች። ክዳኑ በሚጠብቅ የፕላስቲክ በርሜል፣ ከሥሩ ጣውላ ተነጥፎ። ቆሎው ሳይቀዘቅዝ አይከደን፣ ያልበዋል።

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ምግቡ እንዳይበላሽ መላው እጃችን ላይ አለ። ስኳሩን፣ ሻማውን፣ ቡናውን፣ ቆሎውን ለቅሶ በመጣ ቁጥር ከዚሁ እናውጣ፣ በማግስቱ አዲስ እንተካ። አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይወጣል፤ የሚያረጅ ነገር አይኖርም። ድንኳኑ ላይ ግን እንጠንቀቅ። ሁለቱም ለቅሶ ቤት ወጥተው ሳለ አደጋ ቢመጣ ሜዳ ላይ ባዶ እጃችንን ነን። አንደኛው ምንም ቢሆን ከኮሚናሉ አይውጣ፤ ሁለት ለቅሶ ቢደራረብ ከጎረቤት እድር እንዋሳለን።

አቀማመጡን በዕቃ ዓይነት አላደርገውም፣ በሰዓት ነው የማደርገው። በሩ ሥር በመጀመሪያው ደቂቃ የሚፈለገው ይቀመጥ፦ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ቃሬዛ፣ የአባላት ዝርዝር። የባትሪው ድንጋይ ለብቻው በላስቲክ ይቋጠር፤ ውስጡ ከቆየ ኬሚካሉ ይፈስና ባትሪውን ይበላዋል። ቀጥሎ ለሌሊቱ ድንኳን፣ ሸራ፣ ብርድ ልብስ። ድስቱና ሰሃኑ ወደ ጥግ ይግባ፣ የሚፈለገው ሲነጋ ነው። ከሰልና ነጭ ጋዝ ከዚህ ክፍል ውጭ።

የብሎክ 11 ተወካይ፦
ቁልፉስ?

የዕቃ ቤት ኃላፊ፦
አራት ይሁን። አንዱ እኔ ጋ፣ ሁለቱ በተለያየ ብሎክ ያሉ አባላት ጋ፣ አንዱ ሌሊት ከማይተኛው የበር ጥበቃ ጋ። ከፍቶ የገባ ሰው ደብተሩ ላይ ይፈርም።

ሊቀመንበር፦
የጥበቃው ላይ አልተስማማሁም። ጥበቃ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፣ ቁልፉ የት እንደገባ አናውቅም።

የብሎክ 9 ነዋሪ፦
በታሸገ ፖስታ ይሁንና ተረኛው ለተረኛው ሲያስረክብ ማኅተሙን አይቶ ይፈርም። ሌሊት ላይ ሦስቱም ቁልፍ ያዦች ከልጆቻቸው ጋር ሲሯሯጡ ነፃ ሆኖ የሚገኘው እሱ ብቻ ነው።

ሊቀመንበር፦
በማኅተም ከሆነ ይሁን።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ ለጉባኤው የሚነበበው ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«እድራችን የአደጋ ጊዜ ዕቃውን ከብሎክ 7 ደረጃ ሥር አንሥቶ በኮሚናሉ የጀርባ ክፍል ያስቀምጣል። መደርደሪያው ይታሰራል፣ በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ይለወጣል። ከሁለቱ ድንኳኖች አንዱ በማንኛውም ምክንያት አይወጣም። የሮቶው፣ የበሩና የመደርደሪያው ወጪ ከቀብር ሒሳብ ተለይቶ በልዩ መዋጮ ይሸፈናል። አራቱ ቁልፎች የማን እንደሆኑ በሩ ላይ ከእሳትና አደጋ ስልክ 939 እና ከቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ጋር ተጽፎ ይለጠፋል።»

የመዋጮው መጠን ባዶ ተትቷል። ገንዘብ ያዣችን የሦስት አቅራቢ ዋጋ ይዘው ይምጡና ጉባኤው ይቁረጠው። እስከዚያ ሁለት ቁልፍ ያዥ አባላት እንፈልጋለን፤ ሌሊት ስልካቸው የማይዘጋ፣ አንዱ ከብሎክ 1 እስከ 6፣ ሌላው ከ8 እስከ 12።

የብሎክ 11 ተወካይ፦
ከእኛ ወገን እኔ እይዛለሁ። ባለቤቴም የት እንደማስቀምጠው ታውቀዋለች።