ማን እንደሚያሸንፍ እየታወቀ ምን አስመረጠኝ?

የዱክ ስትሪት ልጅ፦ ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ስድብ ሳይኖር መልሱልኝ። የምርጫ ወረቀቱ በፖስታ መጥቶ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ከተለጠፈ ሳምንት ሆነው (በየምርጫው እንዲላክልን ፎርሙን ያስሞላችኝ ባለቤቴ ናት)። የኮንግረሱ መስመር ላይ ስደርስ እጄ እምቢ ይለኛል። ቨርጂኒያ 8ኛ ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) ነን፤ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ፎልስ ቸርችና የፌርፋክስ ቁራጭ። ተወካያችን ዴሞክራቱ ዶን ባየር እ.ኤ.አ. ከ2015 መጀመሪያ ጀምሮ እዚያው ነው። በ2022 73 በመቶ አገኘ፣ በ2024ም ከ70 በላይ። እኔ መረጥኩ አልመረጥኩ፣ ዓባይ ላይ አንድ ጣሳ ውሃ መድፋት ነው።

ጋሽ ታክሲ፦ ልጄ፣ የሚሠራ ሰው ካለ ምን ቸገረህ? ሰውዬው ስምንት ዓመት የቨርጂኒያ ምክትል ገዥ ነበር። ኦባማ ስዊዘርላንድ አምባሳደር አድርጎ ልኮታል። አሁን የግብር ሕግ የሚረቀቅበት ኮሚቴ ውስጥ ነው። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማሽን ለርኒንግ ተማረ፤ እኔ በስልሳ አራት ዓመቴ የስልኬ ፓስወርድ ሲጠፋብኝ ልጄን ነው የምጠራው። ኮንግረስ ውስጥ የሚደመጠው የቆየ ሰው ነው።

የአውሮራዋ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነበርኩ። የዚያ ጊዜው ተወካያችን ማይክ ኮፍማን ሪፐብሊካን ነው፣ ዲስትሪክቱ ግን ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ የሚል ነበር። ስለዚህ የእኛ ሰው ድምፅ ያስፈልገዋል። ኤች አር 128ን ታስታውሳላችሁ፣ ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የወጣውን ውሳኔ? ኤፕሪል 2018 ላይ ምክር ቤቱ ሲያሳልፈው ከፊት ሆነው ከገፉት አንዱ እሱ ነበር። ወዶን ብቻ አይመስለኝም። ወንበሩ ስለሚነቃነቅ ነው።

ነርሷ፦ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በጄሰን ክሮው ተሸንፎ የለ እንዴ?

የአውሮራዋ፦ ተሸንፏል። እሱ የትራምፕ ጦስ ነው፣ የእኛ ጉዳይ አይደለም።

ነርሷ፦ እሺ፣ ውሳኔውን ያቀረበው ግን ማን ነበር? የኒው ጀርሲው ክሪስ ስሚዝ፣ ከ1981 ጀምሮ ማንም ያልነቀነቀው ሰውዬ። ያኔ የአፍሪካ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ በአንድ ጀንበር አይደረስም። የራስሽ ምሳሌ እኮ ጋሼን ረዳ፣ ሃሃ።

የዱክ ስትሪት ልጅ፦ ጥሩ፣ የሚፈራውም የማይፈራውም ሠሩ። ታዲያ የእኔ ወረቀት የት ገባ?

ጠረጴዛ ጠባቂ፦ በምርጫ ቀን ጣቢያ ቁጭ ብዬ ስም የማመሳክር ሰው ነኝ፣ እኔ ልናገር። ስህተታችሁ ወሩ ላይ ነው። እዚህ ዲስትሪክት ኖቬምበር ሥነ ሥርዓት ነው፤ የሚወሰነው ጁን ላይ፣ ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት በፕራይመሪው ነው። ጂም ሞራን ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጦ በ2014 ሲለቅ ብዙ ሰው ለቦታው ተሻማ። ባየር ያኔ ግማሽ እንኳ አልሞላም፣ 46 በመቶ ገደማ ነበር ያገኘው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ የዚያች የጁን ማክሰኞ ውጤት ነው። በዚያችው ማታ፣ በዚሁ በቨርጂኒያ፣ 7ኛው ዲስትሪክት ላይ ኤሪክ ካንቶር የሚባለው የምክር ቤቱ የሪፐብሊካኖች መሪ ዴቭ ብራት በሚባል የኮሌጅ አስተማሪ ተሸነፈ። ወደ 36 ሺህ ለ29 ሺህ። ልዩነቱ 7 ሺህ ሰው ነው፣ የእኛ ሰው ለጥምቀት ከዚያ በላይ ይወጣል።

የዱክ ስትሪት ልጅ፦ አንድ ካንቶር አመጣህ። በድጋሚ ከሚወዳደሩት ከመቶው ከ90 በላይ ይመለሳሉ እኮ። ባየርም በ2022 ፕራይመሪ ተፎካካሪ ነበረችው፣ 77 በመቶ አግኝቶ አለፈ።

የፎልስ ቸርቹ፦ እኔ ሪፐብሊካን ነኝ፣ አትደንግጡ። ኖቬምበር ላይ የእኔ ድምፅ ከ25 በመቶው ጋር ተቆጥሮ ይቀበራል። ጁን ላይ የዴሞክራቶቹን ወረቀት ብወስድ ይፈቀዳል?

ጠረጴዛ ጠባቂ፦ ይፈቀዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ፕራይመሪ በአንድ ቀን ከሆነ የየትኛውን ትፈልጋለህ ተብለህ ትጠየቃለህ፣ አንዱን ትወስዳለህ።

ነርሷ፦ ይሄማ ሰው ሠርግ ቤት ሳይጠሩት ገብቶ ሙሽራ መምረጥ ነው!

የፎልስ ቸርቹ፦ ሙሽራዋ እኔንም የምታስተዳድር ከሆነ ምን ላድርግ እህቴ?

ጠረጴዛ ጠባቂ፦ ለዱክ ስትሪቱ ልጅ ልመለስ። ለማን እንደመረጥክ ማንም አያውቅም። መምረጥህ ግን ይመዘገባል፣ የትኛው ምርጫ ላይ እንደመጣህና እንደቀረህ። ዝርዝሩን ተወዳዳሪዎች ያገኙታል። በር የሚያንኳኩት ልጆች እሱን ይዘው ነው የሚዞሩት፣ የማይመርጥ ቤት ዘለው ያልፋሉ። ያ ሁሉ ሐበሻ ያለበት ሕንፃ ሲታለፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

የአውሮራዋ፦ ለዚህ ነዋ ወረቀቱ በአማርኛ የማይመጣው።

ጠረጴዛ ጠባቂ፦ እሱ እንኳ ሌላ ነው። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ በቋንቋ ጉዳይ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነው። የአፍሪካ ቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ መቶ ሺህ ብንሆንም ሕጉ ማንንም አያስገድድም፤ ከተማው ወይም ካውንቲው በራሱ ፈቃድ ካደረገው ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግረው ሰው ግን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል፣ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ሰው በቀር ማንንም። ባለፈው አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። እያንዳንዱን ስም በሹክሹክታ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ «ይሄኛው ማነው? አባቱስ?» ይሉታል።

ጋሽ ታክሲ፦ እና ይሄን ሕግ ማን ይቀይረዋል?

ጠረጴዛ ጠባቂ፦ ኮንግረስ።

ጋሽ ታክሲ፦ አየህ ልጄ። ወንበሩ የማይነቃነቅ ሰው አለህ፣ ምን ጠይቀኸው ታውቃለህ?

የዱክ ስትሪት ልጅ፦ ኧረ ጋሼ፣ እርስዎስ?

ጋሽ ታክሲ፦ እኔም አልጠየቅኩም። ደብዳቤ ጻፍና እፈርማለሁ፣ እንግሊዝኛውን ግን ለልጄ አሳያት፣ አንተን አላምንህም።

ነርሷ፦ እኔም ልፈርም። የፎልስ ቸርቹ፣ አንተስ?

የፎልስ ቸርቹ፦ ለአማርኛማ እፈርማለሁ። ለሰውዬው ድምፅ መስጠት ውስጥ ግን አታስገቡኝ።

የአውሮራዋ፦ ወረቀቱስ፣ የዱክ ስትሪት ልጅ?

የዱክ ስትሪት ልጅ፦ ፍሪጁ ላይ ነው። ባለቤቴ አሁን እስክሪብቶ አጠገቡ አንጠለጠለችበት።