ጥቆማ፦ ድመትን ከጓሮ ወፎች ለማራቅ የትኛው ይሠራል፣ የትኛውስ ልፋት ብቻ ነው?

ድመት ከአትክልቱ እንድትርቅለት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ሽታን ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ኮምጣጤ፣ በርበሬ። እኔ ግን ጉዳዩ የወፎች ደኅንነት እስከሆነ ድረስ ሽታን መጨረሻ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ድመት መደብ ላይ እንዳትጸዳዳ መከልከልና ወፍ እንዳታድን መከልከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ለመጀመሪያው ልጣጭ አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ ያውም ዝናብ እስኪያጥበው ወይም ፀሐይ እስኪያደርቀው ድረስ። ዓይኗን ወፍ ላይ የተከለች ድመት ግን የሎሚ ሽታ መጣብኝ ብላ ወደኋላ አትመለስም።

ከጎረቤት የምትመጣው ድመት በደንብ ስለምትመገብ አታድንም የሚለውም አያስኬድም። ማደን ከረሃብ የተለየ ጠባይ ነው፤ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የተባለው ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በአሜሪካ ድመቶች በየዓመቱ ከ1.3 እስከ 4 ቢሊዮን የሚደርሱ ወፎችን እንደሚገድሉ ገምቷል። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ናቸው።

ከሽታዎቹ መካከል ደግሞ ጨርሶ መነካት የሌለባቸው አሉ። ናፍታሊን ለድመትም፣ ለውሻም፣ ለሕፃንም መርዝ ነው። ከዕፅዋት የሚወጡ ጠንካራ መዓዛ ያላቸው ዘይቶችን የድመት ጉበት በሚገባ ማስወገድ ስለማይችል፣ ከጸጉሯ ላይ ስትልሳቸው ሊመርዟት ይችላሉ። በርበሬ ከመዳፏ ወደ ዓይኗ ይተላለፋል። የቡና አተላ ውስጥ የሚቀረው ካፌይንም ለሚበላው እንስሳ አደገኛ ነው። ኮምጣጤ እንኳ ድመቷን ከማባረሩ በፊት አትክልታችሁን ያደርቀዋል። በየመደቡ ስለሚደረደረው ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ምንም አልልም፤ ድመቶችም የሚሉት ነገር ያለ አይመስለኝም።

በቤት ከሚሠሩት ሁሉ አንደኛ የምለው አጥር አናት ላይ የሚገጠም ተሽከርካሪ ቱቦ ነው። ድመት ረጅም አጥርን በአንድ ዝላይ አትሻገርም። መጀመሪያ ዘልላ የፊት እግሮቿን አናቱ ላይ ታሳርፋለች፤ ከዚያ በጥፍሯ ቆንጥጣ ገላዋን ወደ ላይ ትስባለች። የያዘችው ነገር ከተሽከረከረባት መቆንጠጫ ታጣለችና ወደመጣችበት ትወርዳለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ስፋቱ ከ7 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ፣ በውስጡ የሚያልፍ ጠንካራ ሽቦ፣ ሽቦው በሁለቱም ጫፍ ተወጥሮ የሚታሰርበት የብረት መያዣ ነው። ቱቦው በአንድ ጣት ሲነካ ሳያንገራግር መዞር አለበት። ሽቦው ከላላ መሐሉ ይረግብና አጥሩን እየታከከ መዞሩን ያቆማል፤ ስለዚህ አንድ ረጅም ቱቦ ከመዘርጋት አጫጭር የሆኑትን ማከታተል ይሻላል። በቱቦውና በአጥሩ መካከልም መዳፍ የሚያሳርፍ ክፍተት አይኑር።

ይህ የሚያገለግለው ግን አጥሩ 1.8 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው። አጥሩን ተደግፎ የበቀለ ዛፍ ወይም የተሠራ መጋዘን ካለ ድመቷ ቱቦውን ሳትነካ ከዚያ ላይ ትወርዳለች። በበሩ ሥር ሾልካ የምትገባ ድመት ካለች ደግሞ መጀመሪያ የበሩን ሥር ድፈኑ፤ ያለዚያ ከውስጥ ዘግታችሁባት ከወፎቹ ጋር አንድ ግቢ አሳደራችኋት ማለት ነው።

አጥሩ የማይመች ከሆነ የወፎቹን መመገቢያ ራሱን መከላከል ይቻላል። መመገቢያው ለስላሳ የብረት ምሰሶ ላይ ይሁን፤ ምሰሶው ላይ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከቆርቆሮ የተሠራ፣ አፉ ወደ ታች የተገለበጠ ሰፊ ጃንጥላ መሰል ክዳን ይታሰር። ስፋቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጠበብ ካለ እየተጠማዘዘች ታልፈዋለች። የቆርቆሮው ጠርዝ ታጥፎ ይደብደብ፤ ዓላማው መከልከል እንጂ ማቁሰል አይደለም።

ይሁንና ከምሰሶው ይልቅ ወፎችን የሚያስበላው መሬቱ ነው። ድመት አድብታ የምታጠቃ አዳኝ ናት፤ ሩቅ አታሳድድም። ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ እስከ ቁጥቋጦው ጠርዝ ትሳባለች፤ የኋላ እግሮቿን አንድ ሁለቴ አደላድላ ትወረወራለች። እህል ከላይ ተንጠባጥቦ ወፎቹ ሊለቅሙ ከወረዱ ለዚህች ቅጽበት ተመቻችተው ቀረቡላት ማለት ነው። መመገቢያውንና የውኃ ገበታውን ከጥቅጥቅ ቁጥቋጦ 2 ሜትር ያህል አርቁ። ከዚያ በጣም ከራቀ ወፎቹ ከጭልፊት የሚሸሸጉበት ያጣሉ። ከመመገቢያው ሥር የሚወድቀውን እህል የሚይዝ ሳህን እሰሩ፤ ከቁጥቋጦው ግርጌ ደግሞ የተቆረጠ እሾሃማ ቅርንጫፍ አንጥፉ። እኔ ብጠየቅ ምንም ወጪ የሌለው ይህ እርምጃ በገንዘብ ከሚገዙት ብዙዎቹን ያስከነዳል።

ከሚገዙት ሁለቱ ብቻ ለንጽጽር ይበቃሉ። የመጀመሪያው ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ የሚለቀው መሣሪያ ነው። የሰው ጆሮ 20 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሲያቆም ድመት ከ60 ኪሎኸርዝ በላይ ትሰማለች፤ ወፎች ደግሞ እንዲህ ያለውን ድምፅ ስለማይሰሙት አይረበሹም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ውጤቱ ግን መካከለኛ ነው። በእንግሊዝ አገር የተደረገ አንድ ሙከራ የድመቶቹን መምጣት በሲሶ ገደማ ቀንሶ አሳይቷል። ያረጀች ወይም መስማት የተሳናት ድመት ደግሞ ጉዳይዋም አይደለም፤ ሰማያዊ ዓይን ካላቸው ነጭ ድመቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ሲያይ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ነው። ከሁለቱ ይህን እመርጣለሁ፤ ድመት የምትጠላውን ድንገተኛ ነገር በቀጥታ ያደርስባታል። ቋሚ የውኃ ግፊት ይፈልጋል፤ አቅጣጫው ድመቷ በምትገባበት መንገድ ላይ እንጂ መመገቢያው ላይ መሆን የለበትም፤ ወፎቹም ይሸሻሉና። እንግዳ ሲመጣ ማጥፋት እንዳይረሳ።

ድመቷ የራሳችሁ ከሆነች ወይም ከባለቤቷ ጋር መነጋገር ከቻላችሁ ከዚህ ሁሉ የተሻለ መንገድ አለ። የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ከእህል ነጻ የሆነና በሥጋ ፕሮቲን የበለጸገ ምግብ ድመቶቹ ወደ ቤት የሚያመጡትን ታዳኝ በ36 በመቶ ቀንሷል። በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አብሮ መጫወት ደግሞ በ25 በመቶ። አንገቷ ላይ የሚጠለቅ ደማቅ ባለብዙ ቀለም ጨርቅ የሚያመጧቸውን ወፎች በ42 በመቶ አሳንሷል፤ ምክንያቱም ወፎች ቀለምን አጥርተው ያያሉ። ቃጭል በዚሁ ጥናት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት ግን የሚመጡትን ወፎች በ41 በመቶ ቀንሷል ይላል፤ ስለዚህ ቃጭልን ብቻውን አትመኑ። ማንኛውም የአንገት ማሰሪያ ሲጎተት በራሱ የሚፈታ ይሁን፤ ያለዚያ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ልትታነቅ ትችላለች። ጫጩቶች ከጎጆ በሚወጡበት ሰሞን ማለዳና ምሽት ድመቷን ቤት ውስጥ ማቆየትም ብዙ ያተርፋል።

ወፍ ከድመት አፍ ብታስጥሉ ደህና ብትመስልም ወዲያው አትልቀቋት። በድመት አፍ ውስጥ ያለው ፓስቱሬላ የተባለ ባክቴሪያ በዓይን በማይታይ የጥርስ ቀዳዳ ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። አየር በሚያስገባ ጨለማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ ምግብም ውኃም በግድ ሳትሰጧት፣ በዚያው ዕለት አንቲባዮቲክ ሊሰጣት ወደሚችል የእንስሳት ሐኪም ውሰዷት።