ነጭ አበባ ያለው አረም ወተቱን አመረረብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ የቱሉ ዲምቱዋ ላም አርቢ
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አራት የወተት ላሞች አሉኝ። አምና ጎረቤታችን ቤት ሲሠራ ከሞጆ በኩል የመጣ አሸዋ መንገድ ዳር ተደፍቶ ከረመ። ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር እዚያው ላይ የማላውቀው አረም ወጣ። ቅጠሉ የካሮት ይመስላል። አበባው ነጭ ነው፤ ምስር ታክላለች። ከሩቅ ሲያዩት ቅንጬ የተበተነበት ነው የሚመስለው። ሠራተኛችን ከሣር ጋር አጭዶ ለላሞቹ ሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ደንበኞቼ «ወተቱ መረረን» አሉኝ። ልጄም ሲነቅል ውሎ ክንዱ በሽፍታ ተሞላ። አጭጄ ወንዝ ልጣለው ወይስ መድኃኒት ልርጭበት? እባካችሁ ጨንቆኛል።

ሐረርጌ ያደገው
እህቴ፣ ቅንጨ አረም ነው። ፓርቴኒየም የሚባለው። የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። እኛ አገር በ1980ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ድሬዳዋና ሐረማያ አካባቢ ታየ። በኦሮምኛ ፈረምሲሳ ይሉታል፤ አስፈርሞ መሬት የሚያስለቅቅ እንደማለት። የአባቴ የማሽላ ማሳ ላይ ሲገባ አይቻለሁና ስሙ አልበዛበትም። አንዱ ተክል ከ10,000 በላይ ዘር ያፈራል። በበቀለ በወር ገደማ ያብባል። ማጨድ አይረባውም፤ ከሥሩ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። መንቀል ነው፣ ያውም ሳያብብ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
ዛሬውኑ ከመኖው ውስጥ ለቅመው ያውጡት። ምሬቱ ከአረሙ ወደ ወተቱ የሚያልፍ ነው፤ መብላት ሲያቆሙ ጣዕሙ ይመለሳል። ብዙ የበላ ከብት ቆዳውም አፉም ይቆስላል፣ ስለዚህ አፋቸውን ይዩላቸው። ልጁ ሁለተኛ በባዶ እጁ እንዳይነካው። ሽፍታው ካልጠፋ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ከአበባው ብናኝ ይራቅ።

ከአባ ሳሙኤል ማዶ
ወንዝ የሚለውን ነገር እባክሽ ተይው! የአቃቂ ውኃ እኛ ጋ ነው የሚደርሰው። የአባ ሳሙኤል ግድብ በእምቦጭ መከራውን እያየ ነው። ቆመሽ ብታዪው መስክ እንጂ ውኃ አይመስልሽም። እምቦጭም እንግዳ አረም ነው፤ ቆቃ ላይ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ታየ፣ ጣና ላይ ደግሞ በ2011። የቅንጨ አረምን ዘር ጎርፍ ይወስደዋል። ያንቺ ግቢ ጸዳ ማለት የእኛ ዳርቻ ተበላ ማለት ነው።

የግብርና ባለሙያ
እስካሁን የተባለው ሁሉ ልክ ነው። አሠራሩን ልጨምር። ዝናብ ባባራ ማግስት መሬቱ ሲርስ ንቀሉ፤ ሥሩ ሳይበጠስ ይወጣል። ጓንት፣ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ አፍንጫ ላይ ሻሽ። ያላበበውን አድርቃችሁ ኮምፖስት ውስጥ መጨመር ትችላላችሁ። ያበበውን ግን ሳታራግፉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱና አድርቃችሁ አቃጥሉት። ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ይገድለዋል፤ ነገር ግን መኖ የምታጭዱበትና ውኃ ያለበት ቦታ ላይ አልመክርም። ወለንጪቲ አካባቢ ቅጠሉን የሚበላ ከሜክሲኮ የመጣ ጥንዚዛ ተለቆ ነበር፤ ለእናንተ የመንገድ ዳር ግን እጅ ይቀድማል።

ዋናው ነገር ባዶ መሬት አለመተው ነው። ነቅላችሁ ስታበቁ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ትከሉበት። አረሙን ያፍነዋል፣ ለላሞቹም መኖ ይሆናል። ደግሞ ብቻሽን አትልፊ። የጎረቤት ካበበ ያንቺ ልፋት ከንቱ ነው።

የቱሉ ዲምቱዋ ላም አርቢ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የእድራችንን ዳኛ አነጋገርኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ከየቤቱ አንድ ሰው ወጣ፤ ሦስት ከረጢት ሞላን። ወተቱም ተመልሷል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የተረፈው የአሸዋ ክምር አሁንም አለ። ምን ይሁን?

የግብርና ባለሙያ
ዘሩ ያለው እዚያ ነው፣ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይጫን። እዚያው ግንባታ ላይ ይዋል። እስከዚያው በየ15 ቀኑ ዞር እያልሽ እዪው፤ የበቀለውን በጨቅላነቱ ንቀዪ።